ፒካፓችን ለምን ሲጥ ሲጥ ትላለች?

(በማኅበራችን የጥር ወር ስብሰባ ላይ በተሽከርካሪ ንዑስ ኮሚቴ ሂሳብ ያዥ የቀረበ ንግግር)



 ባለፈው ስብሰባ የፒካፓችን የጥገና ወጪ ሲነበብ ከአዳራሹ ማጉረምረም ተሰምቶ ነበር። አንዲት እናታችን ተነሥተው «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ገንዘብ የበላው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው የተገባ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ደረሰኝ ከማሳየት በቀር አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁም። ዛሬ ያን መልስ ይዤ ቀርቤያለሁ። ገንዘቡን የበላው አንድ ቀጭን ድምፅ ነው። በትክክል ለመናገር ደግሞ፣ ድምፁን ሳናዳምጥ ዕቃ መግዛታችን ነው።

መኪናችንን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከኋላ ባሌስትራ ያላት አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ከፋርጣና ከላይ ጋይንት ድንች ታወርዳለች፤ ከፎገራ ሩዝ ይዛ ትመለሳለች። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትኖርም ስልክ የሚደወለው ለእሷ ሹፌር ነው። ስለዚህ የእሷ ጤና የአንድ ሹፌር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው።

ነገሩ እንዴት ጀመረ?

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ በጥቅምት ወር፣ መኪናዋ ከወደ ታች «ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ» የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረች። ጫጩት ጭና የምትሄድ ትመስል ነበር። ሹፌራችን «አርጅታለች፤ አሮጌ መኪና ሳይጮህ አይሄድም» አለ። እኛም ተቀበልነው። በኅዳር ድምፁ ሲበረታ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ «ምን ሆነች?» ሲለን «ትጮኻለች» አልነው። ሌላ ምንም አልነገርነውም።

ኮፈኑን ከፈተና ቺንጋው አርጅቷል አለ። እውነትም ያረጀ ነበርና ተቀየረ። ድምፁ ግን በነበረበት ቀጠለ። ሁለተኛ ስንመለስ «ባሌስትራው ነው» ተባለ፤ ተፈትቶ ታጥቦ ዘይት ተቀባ። በዚህ ጊዜ ድምፁ ለጥቂት ቀናት ቀነሰ። ደስ አለን፤ ለኮሚቴውም «ተገኘ» ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። ሦስተኛው ደግሞ የኋላ ፍሬን ሸራ ነበር። እሱም ተቀየረ፤ ድምፁም ቀጠለ። ለሦስቱም ክፍያ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሲደመር ከብድር አገልግሎታችን የሦስት ወር ወለድ በላይ ሆነ።

መካኒኩን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምነግራችሁ። ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «አመመኝ» ብቻ ብትሉ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚብስ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ካልነገራችሁት፣ እሱም ከሚያውቀው በሽታ አንዱን ገምቶ መድኃኒት ይሰጣችኋል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ነገሩን የቀየረው አንድ ጥያቄ ነው። በታኅሣሥ የዘር ድንች ልናመጣ ወደ ክምር ድንጋይ ስንሄድ አንዲት አረጋዊት እናታችን ጋቢና ውስጥ ከእኛ ጋር ተቀምጠው ነበር። ድምፁን ለረጅም ጊዜ ሲያዳምጡ ቆዩና ሹፌሩን «አንተ ልጅ፣ ይቺ መኪና ስትቆምም ታለቅሳለች ወይስ ስትሄድ ብቻ ነው?» አሉት። እሱና እኔ ተያየን። ሁለት ወር ሙሉ ስንሰማው የኖርነውን ድምፅ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ አንዳችንም በቅጡ አናውቅም ነበር።

ሲጥሲጥታ ከምን ይመጣል?

ወደ ፍተሻው ከመግባቴ በፊት ድምፁ እንዴት እንደሚፈጠር ላስረዳ። ማሲንቆ የሚመታ ሰው የደጋኑን ጭራ በእጣን ሲያሽ አይታችሁ ይሆናል። ጭራው ልሙጥ ከሆነ በማሲንቆው ክር ላይ ዝም ብሎ ይንሸራተታል፤ ድምፅ የለውም። እጣን ሲነካው ግን ክሩን ይይዘዋል፣ ጥቂት ይስበዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል፣ መልሶ ይይዘዋል። ይህ መያዝና መልቀቅ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ጆሯችን ዜማ ብሎ ይሰማዋል።

የመኪና ሲጥሲጥታም ከዚሁ የመጣ ነው። ሁለት ነገሮች እርስ በርስ ይተሻሻሉ፤ በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው ግሪስ ወይም ዘይት አልቋል፣ ወይም ጎማው ደርቋል፤ ስለዚህ እየተያያዙና እየተለቃቀቁ ይጮኻሉ። እንግዲህ ፈላጊው ሰው የሚያስፈልገው ጥያቄ «የትኞቹ ሁለት ነገሮች ናቸው የሚተሻሹት?» የሚል ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ መኪናዋን መበታተን አያስፈልግም። በመኪና ላይ ያሉት ነገሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይንቀሳቀሱም። አንዳንዱ ሞተር ሲነሣ ይዞራል፣ አንዳንዱ ጎማ ሲዞር፣ አንዳንዱ መንገዱ ሲያነጥር፣ አንዳንዱ ፍሬን ሲረገጥ። ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ካወቅን፣ ከየት እንደሚመጣ ግማሹን አወቅን ማለት ነው።

አራቱ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ቆማ ሞተሯ ሲነሣ ትጮኻለች ወይ? ፍሪሲዮን ሳይረገጥ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ ሞተሩ ይነሣ። ነዳጅ ጥቂት ሲሰጠው ድምፁም አብሮ ከፈጠነ፣ ነገሩ ያለው ከሞተሩ ጋር ከሚዞሩት ላይ ነው፤ በአብዛኛውም ቺንጋው ነው። ለማረጋገጥ በቺንጋው የውስጥ ጥርስ በኩል ጥቂት ንጹሕ ውኃ ጠብ ማድረግ ይበቃል። ድምፁ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ቺንጋው አርጅቷል ወይም የሚዞርበት ጎድጓዳ ቆሽሿል። ውኃው ሲነካው ብሶ ከጮኸ ደግሞ ቺንጋው ላልቶ እየተንሸራተተ ነው፤ ሊጠብቅ ይገባል። ይህ ቺንጋ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞና ብዙ ጊዜም የራዲያተሩን ውኃ የሚያዞረውን ፓምፕ የሚነዳ ስለሆነ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ጭኖ ሲወጣ ቢበጠስ ሞተሩ ይፈላል። ቆማ የምትጮኸው ፍሪሲዮን ሲረገጥ ብቻ ከሆነ ወይም ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ ይህንንም ልብ ብላችሁ ለመካኒኩ ንገሩት፤ ፍለጋውን ወደ ፍሪሲዮኑና ወደ ካምቢዮው ያዞረዋል። እህቶቼ፣ ኮፈን ተከፍቶ ሞተር እየሠራ ሳለ ነጠላችሁን፣ ሻርፓችሁንና ጸጉራችሁን ሰብስቡ። ቺንጋ የያዘውን ጨርቅ አይለቅም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ሞተሯ ጠፍቶ ስትነቀነቅ ትጮኻለች ወይ? ሁለት ሦስት ሴቶች በካሶኒው ማዕዘን ላይ ተደግፈው ወደ ታች ይጫኑ፣ ይልቀቁ። አንዷ ጎንበስ ብላ ታዳምጥ። አራቱም ማዕዘን በየተራ ይሞከር። እዚህ ላይ ከጮኸች ነገሩ ባሌስትራው፣ አሞርዛተሩ፣ ወይም በብረትና በብረት መካከል የሚገቡት ጎማዎች ናቸው። የእኛ ደጋ ብርድ ደግሞ የደረቀ ጎማን ጠዋት ጠዋት ይበልጥ ያስጮኸዋል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት የሳሙና ውኃ በአንዱ ላይ ብቻ አፍስሳችሁ እንደገና ነቅንቁ። ዝም ካለ እሱ ነው። ካላለ ወደሚቀጥለው እለፉ። የተቃጠለ ዘይት በጎማ ላይ አታፍስሱ፤ ጎማውን ያሳብጠዋል፤ አቧራም ይሰበስባል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ፍሬን ሲረገጥ ይለወጣል ወይ? በዝግታ እየሄደች ፍሬኑ ቀስ ተብሎ ይነካ። ያኔ ብቻ ከጮኸች ወይም ያኔ ዝም ካለች ነገሩ ከፍሬኑ ዘንድ ነው። ሌሊት ጤዛ ወርዶ ጠዋት ለሁለት ሦስት ጊዜ ጮኻ የምትተው ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀላል ዝገት ነው፤ ፍሬኑ ራሱ ጠርጎ ያጠፋዋል። ቀኑን ሙሉ የማይተው ከሆነ ግን ይታይ። በብዙ መኪኖች የፊት ፍሬን ላይ ሸራው ሊያልቅ ሲል እንዲጮህ ሆን ተብሎ የተሠራ ትንሽ ቆርጥራጭ ብረት አለ። ያ ጩኸት «ቀይሩኝ» ማለት ነው። ሲጥሲጥታው ወደ መፋጨት ከተለወጠ ብረት በብረት እየበላ ነውና መኪናዋ ትቁም።

አራተኛው ጥያቄ፦ ስትሄድ ብቻ ከጮኸች፣ ጎማው አንድ ዙር ሲዞር ስንት ጊዜ ትጮኻለች? ለዚህ አንድ ጠመኔ ይበቃል። በኋላው ጎማ ጎን ላይ ጎልቶ የሚታይ መስመር ይሠመር። መኪናዋ በደልዳላ ሜዳ ላይ በሰው እርምጃ ፍጥነት ትሂድ። አንዷ ሴት ራቅ ብላ አብራ እየተራመደች መስመሩን ትመልከት፣ ሌላዋ ድምፁን ትቁጠር። በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ከሆነ ነገሩ ከጎማው፣ ከታምቡሩ ወይም ከኩሽኔታው ነው። በአንድ ዙር አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ከጎማው የሚፈጥን ነገር እየጮኸ ነው። ያ ደግሞ ከካምቢዮው ኃይል ተቀብሎ ወደ ኋላው ዲፈረንሻል የሚወስደው ረጅም ዘንግ ነው። ዲፈረንሻሉ ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት ስለሚጨምር፣ ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ አራት ጊዜ ያህል ይዞራል።

እኛ ያገኘነው

ከክምር ድንጋይ በተመለስን ማግሥት እኔ፣ ሹፌራችንና ሁለት የኮሚቴ አባላት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ አራቱንም ጥያቄዎች በተራ አደረስን። ሞተሯ ተነሥቶ ቆማ ስትሠራ፣ ዝም። ስለዚህ ቺንጋው ንጹሕ ነበር። አራቱን ማዕዘን ነቀነቅን፤ ባሌስትራው ትንሽ አቃሰተ እንጂ የምናውቀው ድምፅ አልነበረም። ፍሬን ተረገጠ፤ ድምፁ አልተለወጠም። በመጨረሻ ጎማው ላይ በጠመኔ አሠመርንና ሄደች። ቆጣሪዋ እህታችን አንድ ዙር ሳይሞላ «አራት!» ብላ ጮኸች። እንደገና ሞከርን፤ ያው ነው።

ሹፌራችን የእጅ ፍሬን ስቦ፣ በአራቱም ጎማ ታኮ አድርጎ፣ ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን እኔ ኪሴ ከተትኩት። ከሥር ገብቶ በባትሪ ሲያበራ፣ መካኒኮች ክሮቼራ በሚሉት የዘንጉ መጋጠሚያ ዙሪያ በርበሬ የመሰለ ቀይ ዱቄት አየ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ በስልኬም ፎቶ አነሣሁት። ዘንጉን በእጁ ወዲያና ወዲህ ሲያዞረው መጋጠሚያው ላይ ጥቂት ክፍተት ነበረ።

ወደዚያው ጋራዥ ተመለስን። በዚህ ጊዜ «ትጮኻለች» አላልንም። «ቆማ አትጮኽም፣ ስትነቀነቅ አትጮኽም፣ ፍሬን አይለውጠውም፣ ጎማው አንዴ ሲዞር አራት ጊዜ ትጮኻለች» አልንና ፎቶውን አሳየነው። መካኒኩ ሳቀና «ያኔ እንዲህ ብትነግሩኝ ኖሮ ቺንጋችሁን አልነካም ነበር» አለን። ፈታው። በመጋጠሚያው ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠኑ ትንንሽ ብረቶች አሉ፤ ግሪስ ውስጥ ሆነው ነው የሚሽከረከሩት። የእኛዎቹ ደርቀው፣ ከፊሎቹ ተበልተው ዱቄት ሆነው ነበር። አዲስ መጋጠሚያ ተገባ። ድምፁ ያን ቀን ጠፋ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ዋጋው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥገናዎች ድምር እጅግ ያነሰ ነበር።

ሁለት ነገር ግን አእምሮዬን ሲከነክነኝ ነበርና ጠየቅሁት። ክረምት ላይ ለምን ዝም አለች? ባሌስትራው ዘይት ሲቀባስ ድምፁ ለምን ቀነሰ? የመጀመሪያውን ሲመልስ፣ ውኃ ለጊዜው እንደ ዘይት ሆኖ ያለሰልሳል፤ በጭቃና በጅረት ውስጥ ስትመላለስ ግን ውኃው ዘልቆ ግሪሱን አጥቦ ያወጣዋል አለን። መንገዱ ሲደርቅ የቀረው ደረቅ ብረት ብቻ ነው። ሁለተኛውን ሲመልስ ደግሞ፣ ዘይቱ ሲረጭ ወደ መጋጠሚያውም ሳይደርስ አልቀረም አለ። በሽታው አልዳነም ነበር፤ ለጥቂት ቀን ተሸፈነ እንጂ። እኔ «ተገኘ» ብዬ ሪፖርት ያደረግሁት ያንን ነው።

ባይገኝ ኖሮስ?

«ድምፅ ብቻ ከሆነ ምን ቸገረን? ጮኻም ቢሆን ትሄድ ነበር» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይህን እኔም ብዬ ነበር።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደውን፣ ትልልቆቹ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚሉትን አስፋልት አስቡት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወረታ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ መንገድ ውስጥ 900 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። ሹፌራችን ስምንት ኩንታል ድንች ጭኖ ሲወርድ በፍሬን ብቻ አይወርድም፤ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ መኪናዋን እንዲይዛት ያደርጋል። ሞተሩ ጎማውን የሚይዘው ደግሞ በዚያው ዘንግ በኩል ነው። መጋጠሚያው ቢበጠስ ዘንጉ ይወድቃል፤ መሬት ሊመታም ይችላል፤ ሞተሩም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መኪናዋን አይይዛትም። ክብደቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬን ደግሞ በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይደክማል።

በኅዳር አንድ ሌሊት፣ ያ ድምፅ እየጮኸ፣ ምጥ የያዛት እህታችን በዚያች መኪና ወደ ሐኪም ቤት ሄዳለች። በሰላም ደረሰች፤ በሰላምም ተገላገለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ያንን ቀይ ዱቄት ባየሁ ጊዜ መጀመሪያ የታወሰችኝ እሷ ናት።

ከዚህ በኋላ እንዴት እንሥራ?

ኮሚቴው የሚከተለውን አሠራር እንድታጸድቁለት ይጠይቃል።

አንደኛ፣ መኪናዋ ወደ ጋራዥ ከመሄዷ በፊት የአራቱ ጥያቄዎች መልስ በደብተር ይጻፍ። ቀኑ፣ የተጓዘችው ኪሎ ሜትር፣ ድምፁ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ ይመዝገብ። ደብተሩ ጋቢና ውስጥ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፤ ከተቀየረም በኋላ ተነድታ ትፈተሽ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን ከተቀየረ ድምፁ ቢጠፋ እንኳ የትኛው እንዳዳናት አናውቅም።

ሦስተኛ፣ የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ከደረሰኙ ጋር ተመልሶ ይምጣ። ይህ ማንንም ለመጠርጠር አይደለም። አሮጌው ዕቃ ራሱ ይናገራል፤ በምን በኩል እንደተበላ ሲታይ ቀጣዩ ብልሽት ይታወቃል። የእኛን የተበላ መጋጠሚያ ይዤው መጥቻለሁ፤ በእጃችሁ ይዙርና እዩት።

አራተኛ፣ ግሪስ መምቻ ቀዳዳ ያላቸው መጋጠሚያዎች በየወሩ ይመቱ፤ ክረምቱ ሲወጣና ጥልቅ ውኃ ከተሻገረች በኋላም ወሩን ሳይጠብቁ ይመቱ። አንዳንዱ አዲስ መጋጠሚያ ታሽጎ ስለሚመጣ ይህ ቀዳዳ የለውም፤ ሲገዛ ይጠየቅ።

አምስተኛ፣ ለማንም ትርፍ ሲባል የማይታለፉ ምልክቶችን ሁላችንም እንወቅ። ፍሬን ሲረገጥ የብረት መፋጨት ከተሰማ፣ ከጉዞ በኋላ ከአራቱ ጎማዎች አንዱ ለብቻው ግሎ ከተገኘ፣ ማርሽ ሲገባ ከሥር «ቋ» የሚል ድምፅና መንቀጥቀጥ ካለ፣ መሪው ሲዞር እየጮኸ ልቅ ከሆነ፣ መኪናዋ ሰውም ጭነትም ይዛ አትነሣም። ጎማው መጋሉን ለማወቅ እጃችሁን ብረቱን ሳይነካ ቀረብ ማድረግ ይበቃል። በክሪክ ብቻ ከተነሣች መኪና ሥር ደግሞ ማንም አይግባ።

«የመኪና ነገር የወንድ ነው፤ እኛ ስሙን እንኳ አናውቀውም» የምትሉ እህቶች አላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ቺንጋ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ታምቡር፣ ክሮቼራ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ለመካኒኮቻችን አባቶችም ባዕድ ነበሩ። እየሰሙ፣ እየጠየቁ ለመዷቸው። እኛም እንለምዳቸዋለን።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል

በመጨረሻ ለደጋፊዎቻችን የምለው አለኝ። ለአገራችን ሰው አዲስ ያልሆነ ታሪክ ላስታውስና ወደዚያ ልምጣ። ከከተማችን ትንሽ ወጣ ብላ ባለችው ጋፋት ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን አሠርተው ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ አስቀለጡ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር። ሥራው ግን መድፉ ሲቀለጥ አላበቃም። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። እነዚያን ወራት ሁሉ ሰው እየጎተተ፣ ፊት ፊቱን መንገድ እየተጠረገለት ነው የሄደው። ትልቅ ነገር ማግኘት አንድ ሥራ ነው፤ ያን ነገር በእኛ ተራራ ላይ ማንቀሳቀስ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

ለእኛም እንደዚሁ ነው። ድጋፍ ሲመጣ መኪና ይመጣል፤ ፎቶ እንነሣለን፤ እናመሰግናለን። ምስጋናችንም ከልብ ነው። ነገር ግን በበጀቱ ላይ ለግሪስ፣ ለፍሬን ሸራ፣ ለጎማ የሚሆን መስመር ብዙ ጊዜ የለም። መኪናዋን የምታቆማት ትልቋ ወጪ ሳትሆን ያቺ የተረሳች ትንሽ ወጪ ናት። ስለዚህ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። ከማኅበሩ በኩል፣ ፒካፓችን ከምታስገባው ከየአሥሩ ብር አንዱ ብር ትርፍ ሳይከፈል በፊት ለጥገና ይቀመጥ። ከደጋፊዎቻችን በኩል፣ ወደፊት ለሚታሰበው ማንኛውም የማሽን ድጋፍ፣ ወፍጮም ይሁን የውኃ ፓምፕ፣ የጥገና ገንዘብና ሁለት ሴቶችን የማሠልጠኛ ወጪ አብሮ ይታሰብልን።

እናቴ፣ ባለፈው ስብሰባ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ከወጣው ገንዘብ ቺንጋውና የፍሬን ሸራው በመኪናዋ ላይ ስለሆኑ ጨርሶ አልጠፋም፤ ያለ ጊዜው ግን ወጥቷል። ሳልጠይቅ ስለፈረምኩ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጋቢና ውስጥ ሆነው «ስትቆምም ታለቅሳለች ወይ?» ብለው ለጠየቁት እናታችን ደግሞ በእናንተ ፊት ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ደብተሩ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ሆኖ የተጻፈው የእሳቸው ጥያቄ ነው።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናዋ በማኅበሩ ግቢ ትቆማለች። ጠመኔ፣ አንድ ጆግ ውኃና ጥቂት ሳሙና አዘጋጅተናል። አራቱን ጥያቄዎች በእጃችሁ እንድትሞክሩ ሁላችሁም ተጋብዛችኋል። ነጠላችሁን አጥብቃችሁ ኑ።